ጠብታው ሳይታይ የሚጎድል ውሃ፦ የአንባቢያን ጥያቄና የጋራዥ መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ ራዲያተር ውሃ ናቸው። አንዱ ከቆላ፣ አንዱ ከዚሁ ከደብረ ብርሃን፣ አንዱ ከመንዝ ነው። የፍሬንና የባትሪ ጥያቄ የላካችሁ ለሚቀጥለው እትም ታገሡኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? ከሸዋ ሮቢት ደብረ ብርሃን የሚመላለስ የናፍጣ ሃይኤስ ሚኒባስ አሽከርካሪ ነኝ። ከክረምቱ ወዲህ በአንድ ምልልስ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ውሃ ይጎድልብኛል። እስከ ደብረ ሲና ሰላም ነኝ፤ የሙቀት መርፌው የሚነሳው የጣርማ በርን ዳገት ስይዝ ነው። ከመኪናው ሥር ካርቶን አንጥፌ አሳድሬ አይቻለሁ፤ አንዲት ጠብታ የለችም። የመጀመሪያው ጋራዥ የውሃ ፖምፓ ቀየረልኝ። ሁለተኛው ራዲያተሩን አውርዶ በየደው። ሦስተኛው «ጓርኒሲዮኑ ነው፣ ቴስታታው ይከፈት» አለኝ፤ የሞተሩ ራስና ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ማለቱ ነው። በዚያ ላይ ዳገቱ ላይ ጉሙ የፊት መስታወቱን ከውስጥ እያለበሰብኝ፣ በአንድ እጄ በጨርቅ እየጠረግሁ ነው የምነዳው። ቴስታታውን ላስከፍት ወይስ መኪናዋን ልሽጣት?

መልስ፦ አትሽጣት። ቴስታታውንም አታስከፍት፤ ቢያንስ ሩብ ሰዓት የሚፈጅ አንድ ፈተና ሳይደረግላት አታስከፍት።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ሦስት ጋራዥ ገብተህ ወጥተሃል፤ አንዱ ቀየረ፣ አንዱ በየደ፣ አንዱ ሊከፍት ተዘጋጀ። ውሃው በየት እንደሚወጣ ግን አንዳቸውም አላዩም። ሳያዩ መፍታት የሙያችን የቆየ በሽታ ነው። እኔም በወጣትነቴ ታምሜበት ነበር፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን ደንበኞቼ ናቸው።

ካርቶንህ ደርቆ ያደረው መኪናዋ ስለማታፈስ አይደለም፤ በርዳ ስላደረች ነው። ሞተር ሲግል ውሃው ይሰፋል፣ የራዲያተሩ ክዳን ደግሞ መውጫ ይከለክለዋል። ስለዚህ ራዲያተሩ፣ የውሃ ጎማዎቹና የሞተሩ የውሃ መንገድ በሙሉ እንደተነፋ ጎማ ይወጠራሉ። ከፀጉር የማትወፍር ስንጥቅ በዚያ ውጥረት አፏን ትከፍታለች። መኪናው ቆሞ ሲበርድ ውጥረቱ ይላላል፤ ስንጥቋም ትገጥማለች። መንገድ ላይ የወጣው ውሃ ደግሞ ትኩስ ብረት ላይ ሲያርፍ የጋለ ምጣድ ላይ እንደ ረጩት ውሃ ጭስ ብሎ ይጠፋል። የሚቀርልህ ምልክት ነጭ ወይም የዝገት ቀለም ያለው ደረቅ ፈለግ ብቻ ነው፤ እሱንም አቧራ ይሸፍነዋል።

የፈተናው ነገር እንግዲህ ይህ ነው፦ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ፣ የሚግልበትን ጊዜ ግፊት በእጅ መስጠት። መሣሪያው የብስክሌት መንፊያ የመሰለ የእጅ ፓምፕ ነው፤ የግፊት መለኪያ ሰዓት፣ አጭር ቱቦና በራዲያተሩ አፍ ላይ በክዳኑ ፋንታ የሚገጠም ቆብ አለው። ከዚያ በላይ ምንም ረቂቅ ነገር የለበትም። ረቂቁ ነገር አጠቃቀሙ ነው።

መጀመሪያ ግን ክዳኑ። ከሁሉ በፊት የሚፈተሸው እሱ ሆኖ ሳለ ሦስቱም ጋራዦች ስለ ክዳንህ አንድ ቃል አለመናገራቸው አናድዶኛል። አናቱን አንብበው፤ 0.9 (በባር) ወይም 88 (በኪሎፓስካል) የሚል የግፊት ቁጥር ታገኛለህ፤ 1.1 ወይም 108 ከሆነ ጠንከር ያለው ዓይነት ነው። 0.9 ባር ማለት ክዳኑ እስከዚያ ድረስ ይዞ፣ ሲያልፍ ውሃውን ወደ መጠባበቂያው የፕላስቲክ ዕቃ ይለቃል ማለት ነው። አሁን ጣርማ በርን አስብ። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ጣርማ በር ከ3,000 ያልፋል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ውሃም በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። የደጋ እናቶች ይህን ያለ ቴርሞሜትር ያውቁታል፤ የባቄላ ንፍሮ ደብረ ብርሃን ላይ የሚፈጀው እንጨት ሸዋ ሮቢት ላይ ከሚፈጀው ይበልጣል። ክዳን በሌለው ድስት ውሃ ሸዋ ሮቢት ላይ በ95 ወይም በ96 ዲግሪ፣ ጣርማ በር ላይ በ90 ገደማ ይፈላል። ጤነኛ ባለ 0.9 ክዳን ሲኖር ግን ጣርማ በር ላይም ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ይቆያል። የቴርሞስታት (ውሃው ሲግል ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው በር) መክፈቻ ብዙውን ጊዜ 82 ወይም 88 ዲግሪ መሆኑን ካሰብህ፣ ክዳኑ የሞተ መኪና የጣርማ በር ዋሻ አፍ ላይ ከመፍላት በምን ያህል እንደሚርቅ ይታይሃል። በጣት የሚቆጠር ዲግሪ ነው። ቆላ ላይ ያልታወቀ የክዳን ድካም ዳገቱ ላይ የሚጋለጠው ለዚህ ነው።

ክዳኑንም በዚያው ፓምፕ መፈተሽ ይቻላል፤ ማያያዣው ከመሣሪያው ጋር ይመጣል። የላስቲክ ቀለበቱን እየው፤ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ መፈተሹም አያስፈልግ፣ ቀይረው። መሐሉ ላይ ያለችውን ትንሿን ቫልቭ ደግሞ በጥፍርህ ሳብ አድርጋት፤ ስትለቃት መመለስ አለባት። እሷ ከተጣበቀች ሞተሩ ሲበርድ ውሃው ከመጠባበቂያው አይመለስም፣ ጠዋት የላይኛውን የውሃ ጎማ ጠፍጣፋ ሆኖ ታገኘዋለህ።

አሁን ወደ ፈተናው። ሞተሩ በደንብ ይብረድ፤ ራዲያተሩን በባዶ እጅህ ይዘህ መቆየት እስክትችል ድረስ። በቀኝ ክንዴ ላይ ከአንጓዬ እስከ ክርኔ የሚሄድ ጠባሳ አለ፤ የ22 ዓመት ልጅ ሳለሁ ቸኩዬ ክዳኑን በትኩሱ ከፈትሁት፣ ጨርቅ ይዤ ነበር፣ ጨርቁ ምንም አልረዳኝም። ስለዚህ ትቸኩላለህ ከተባልህ ቸኩል፣ በዚህ ላይ ግን አትቸኩል።

ውሃውን እስከ አፉ ሙላው። ጎደሎ ራዲያተር ውስጥ ያለው አየር ሲጨመቅ መርፌውን ያታልላል፤ ከውሃው መስመር በላይ ያለ ቀዳዳም አየር እንጂ ጠብታ አያወጣም። ቆቡን ግጠምና ቀስ ብለህ ንፋ። ክዳኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ላይ ስትደርስ አቁም። ለጥንቃቄ ብሎ 1.5 የሚያደርስ አለ፤ እሱ ቀዳዳ መፈለግ ሳይሆን ቀዳዳ መሥራት ነው። የዛሬ ራዲያተሮች ጎንና ጎናቸው ፕላስቲክ፣ መሐላቸው አሉሚኒየም ሲሆን የተያያዙት በታጠፈ የቆርቆሮ ጥርስና በአንድ ቀጭን ላስቲክ ነው።

ከዚያ እጅህን አንሣና ጠብቅ። አንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ያይና «ይዟል» ይላል። እኔ 15 ደቂቃ እጠብቃለሁ፤ ረዳቴ ልጅ ሁለተኛውን ሲኒ ቡና የሚጠጣው ያኔ ነው። መርፌው ካልተነቃነቀ መልካም። ከወረደ ግን መጀመሪያ የመሣሪያውን ቆብ ራሱን ጠርጥር፤ ዙሪያውን የሳሙና አረፋ ቀባው፣ አረፋው ካልተነፋ ሌባው ሌላ ቦታ ነው። ባትሪ አብርተህ የውሃ ጎማዎቹን ጫፍ፣ የራዲያተሩን የፕላስቲክና የብረት መገናኛ፣ የቴርሞስታቱን ቤት እይ። ከውሃ ፖምፓው ሥር ደግሞ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ሆን ተብላ የተሠራች ናት፤ የውስጥ ላስቲኩ ሲያልቅ ውሃው በእሷ በኩል ያለቅሳል። ሃይኤስ ላይ ሞተሩ ወንበር ሥር ስለሆነ ወንበሩን ሳታነሣ «አየሁ» አትበል። የጥርስ ሐኪም ዓይነት ትንሽ መስታወት ብትኖርህ ከሞተሩ ጀርባ ያሉትን ክብ የብረት መድፈኛዎች ታሳይሃለች፤ ለዓመታት ንጹሕ ውሃ ብቻ የጠጣ ሞተር እነሱን ከውስጥ ዝገት ይበላቸዋል።

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልናገር፤ ያንተን ደብዳቤ ሳነብ ትዝ ያለኝ እሱ ነው። ባለፈው ጥር ከአጣዬ አንድ ፒክአፕ መጣልኝ፤ ታሪኩ ያው ያንተ ነው፤ ውሃ ይጎድላል፣ ጠብታ የለም። 0.9 አደረስሁት። 15 ደቂቃ። መርፌው እንደ ግድግዳ ሰዓት የቆመ ያህል ንቅንቅ አላለም። ባለቤቱን «መኪናህ ንጹሕ ናት፣ ክዳን ቀይርላት» ልለው በሩን ከፍቼ ስገባ ዓይኔ የማሞቂያው እጀታ ላይ ዐረፈ፤ ቀዝቃዛው ላይ ተገፍቷል። የአጣዬ ሰው ማሞቂያ ምን ያደርግለታል? እጀታው ቀዝቃዛው ላይ ሲሆን ግን በዚያ መኪና ወደ ማሞቂያው የሚሄደውን ውሃ አንድ ቫልቭ ይዘጋዋል፤ እኔም እስከዚያች ደቂቃ የፈተንሁት ከቫልቩ ወዲህ ያለውን ብቻ ነበር። እጀታውን ወደ ሙቁ ገፋሁ፣ ውሃውን አሟላሁ፣ እንደገና 0.9 አደረስሁ። በአራት ደቂቃ 0.6። ከተሳፋሪው እግር ሥር ያለውን ምንጣፍ ሳነሣ ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ጨምቀው የሚጠጡት ያህል ርሶ ነበር፤ ጣቴን ሳሸተው ያ ጣፋጭ የአረንጓዴው ኩላንት (ከራዲያተር ውሃ ጋር የሚቀላቀለው ፈሳሽ) ሽታ አለው። ከክሩሽኮቱ (ከዳሽቦርዱ) ጀርባ ያለችው ትንሿ የማሞቂያ ራዲያተር ተሰንጥቃለች። ሰውየው ማሞቂያውን የሚከፍተው ደብረ ሲና ላይ ብርድ ሲጀምረው ብቻ ነበር፤ ውሃውም ከዚያ ወዲያ ብቻ ነበር የሚጎድለው።

አንተም እስከ ደብረ ሲና ሰላም ነህ። መስታወቱ «ከውስጥ» ይለብሳል ብለህ ጽፈሃል። ወንድሜ፣ የጣርማ በር ጉም ዝነኛ ነው፣ ግን ውጭ ነው የሚቀመጠው፤ ዝናብ መጥረጊያው ያነሳዋል። በጨርቅ ከውስጥ የምትጠርገው ሌላ ነው፤ ከተሰነጠቀ ማሞቂያ የሚወጣ እንፋሎት ሊሆን ይችላል። እርግጥ ሚኒባስ ሙሉ ሰው በብርድ ሲተነፍስም መስታወት ይለብሳል፤ ስለዚህ ማሞቂያው ነው ብዬ አልፈርድም፣ ሳያይ የፈረደ አራተኛ ጋራዥ መሆን አልፈልግም። ግን ማሞቂያህ ሙቁ ላይ ሆኖ ይፈተን። ብዙ ሃይኤስ ደግሞ ለኋላ ተሳፋሪዎች ሁለተኛ ማሞቂያ አለው፤ ቱቦዎቹ ከወለሉ ሥር ተዘርግተው ነው የሚሄዱት፤ ዝገት ሲበላቸው ውሃው በቀጥታ አስፋልት ላይ ይረጫል፣ ነፋስ ያደርቀዋል። እነሱንም ከሥር ገብተው ይዩልህ።

በመጨረሻ፣ መርፌው እየወረደ በውጭም በውስጥም ምንም እርጥበት ከሌለ፣ ያኔ ስለ ጓርኒሲዮን እንነጋገራለን። ግፊቱን እንደሰጡ መኪናውን ለጥቂት ሰዓታት ያቆዩት፣ ካንዴሌታዎቹን (ሲሊንደሮቹን ለማስነሣት የሚያሞቁትን) ያውጡና ከፊት ለፊቱ ገለል ብለው ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) ያዙሩ፤ በአንዱ ቀዳዳ ውሃ ከተረጨ ተገኘ። ሌላው መንገድ ፓምፑን ግፊት ሳይሰጡ እንደገጠሙት ቀዝቃዛውን ሞተር ማስነሣት ነው። ውሃው ገና ሳይሞቅ መርፌው ተስፈንጥሮ ከወጣና ከሞተሩ ምት ጋር ከተንቀጠቀጠ፣ የሲሊንደር ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው፤ ክዳኑ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ሳያልፍ ሞተሩን ያጥፉ። ሦስተኛው ጋራዥ ይህን አይቶ ከሆነ የነገረህ፣ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ካላየ ግን አንተው ቆመህ አሳየው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ደብረ ብርሃን የምኖር መምህርት ነኝ። አሮጌ ኮሮላ አለችኝ። ከኅዳር ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከፊት ለፊቷ ሥር የእጅ መዳፍ የምታህል እርጥብ ቦታ አገኛለሁ፤ ትምህርት ቤት ደርሼ ሳያት ደርቃለች፣ ቀኑን ሙሉም አታንጠባጥብም። ጋራዥ ወስጃት እርስዎ በአንድ ወቅት የጻፉትን የግፊት ፈተና አደረጉላት፤ «ምንም የለባትም» ብለው መለሱልኝ። እኔ ነኝ ወይስ እነሱ የተሳሳትነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ማናችሁም አልተሳሳታችሁም፤ የተሳሳተው ሰዓቱ ነው። ፈተናው የተደረገው ስንት ሰዓት ላይ ነበር? ከቀትር በኋላ እንደሆነ እወራረዳለሁ።

ለሸዋ ሮቢቱ አሽከርካሪ ከጻፍሁት የእርስዎ ተቃራኒው ነው። የእሱ ቀዳዳ ሲግል የሚከፈት ይመስላል፣ የእርስዎ ሲበርድ ይከፈታል። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት እዚህ ምን እንደሚመስል ለደብረ ብርሃን ሰው አልነግርም፤ ጠዋት ሣሩ ላይ ያለውን አመዳይ እርስዎም ይረግጡታል። በዚያ ብርድ ብረቱ፣ ፕላስቲኩና ላስቲኩ ይኮማተራሉ፤ ሁሉም ግን እኩል አይኮማተሩም። ዕድሜው የገፋ የውሃ ጎማ ጫፉ እንደ ቆዳ ይደርቃል፤ በፋሸታው የታሰረበት ቦታ ላይ ይላላና ጥቂት ጠብታ ይለቃል። ሞተሩ ሲሞቅ ጎማው ያብጣል፣ ይገጥማል፣ ነገሩ ያበቃል። እስከ ነገ ጠዋት።

ስለዚህ መኪናዋን ማታ ጋራዡ ጊቢ አሳድሯት፤ ጠዋት በ12 ሰዓት ተኩል፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ሌሊቱ ውስጧ እያለ ይፈትኗት። «ለምን በብርድ?» ብለው ካጉረመረሙ ይህን ገጽ ያሳዩአቸው። ይህ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው አንድ ጎማና ሁለት ፋሸታ በመቀየር ነው። ፋሸታውን ዝም ብሎ በካቻቢቴ ማጥበቅ ለአንድ ሳምንት ይረዳል፤ ከልክ በላይ ከተጠበቀ ግን የደረቀውን ጎማ እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል። ጠብታው ከጎማው ሳይሆን ከራዲያተሩ የፕላስቲክ መታጠፊያ ከሆነ ወጪው ከፍ ይላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ውስጧ ያለው ንጹሕ ውሃ ከሆነ፣ ጥገናው ሲያልቅ እኩል በእኩል ኩላንትና የተጣራ ውሃ ያስሞሉ። ከዝገትም ከውርጭም ይጠብቃል። ከበሬሳ በጄሪካን የተቀዳ ውሃ ለልብስ ይሁን።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ መሐል ሜዳ አጎቴ ጋራዥ ውስጥ ሙያ እየተማርሁ ነው። መፈተሻው የለንም። የጎማ መንፊያውን ኮምፕረሰር ራዲያተር ላይ ብናደርገውስ? አንድ ደንበኛ ደግሞ «እንቁላል ብትጨምሩበት ይደፍነዋል» አለን። እውነት ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ ኮምፕረሰሩን ተወው። በታንኩ ውስጥ ያለው አየር 8 ባር ሊደርስ ይችላል፤ ራዲያተሩ የሚችለው ከአንድ እምብዛም አያልፍም። ጣትህን ከመንፊያው ላይ ሳታነሣ የማሞቂያውን ራዲያተር ትቀደዋለህ፤ ከዚያ አጎትህ ለባለቤቱ ምን ብሎ እንደሚነግረው አንተ ታስባለህ።

መፈተሻው እስኪገዛ ድረስ እኔ በጀማሪነቴ የሠራሁትን ልንገርህ። አንድ አሮጌ ክዳን ወስደን መሐሉን በስተን የመኪና ጎማ ቫልቭ ገጠምንበት፣ ዙሪያውን በላስቲክ አጠበቅን፣ መለኪያ ሰዓት ባለው የብስክሌት የእጅ መንፊያ ነፋን። ሠርቷል። የሚሠራው ግን በእጅ ስለሚነፋ ነው፤ እያንዳንዱን ጭመቃ ትቆጥረዋለህ፣ መርፌውን ታያለህ፣ 0.9 ላይ ታቆማለህ። ስትጨርስ ክዳኑን ከመንቀልህ በፊት የቫልቩን መርፌ ተጭነህ አስተንፍሰው።

እንቁላሉ እውነት ነው፣ ይደፍናል። ቀዳዳውን ብቻ ሳይሆን ያገኘውን ጠባብ መንገድ ሁሉ ይደፍናል። አንድ ጊዜ እንቁላል የጠጣ የማሞቂያ ራዲያተር ሰንጥቄ አይቻለሁ፤ ቱቦዎቹ ግማሽ ድረስ ቢጫ ፍርፋሪ ሞልቷቸው ነበር፣ ሽታውም ለሦስት ቀን ከጋራዡ አልወጣም። ደንበኛው እንቁላሉን ለቁርሱ ይያዘው።